«ከተሰጠህ ሥራ በላይ ምን ሠራህ?» ስለሚለው የቃል ፈተና ጥያቄ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ለአባላትና ለልጆቻቸው የተደረገ ንግግር)





በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ አላህ ይዘንላቸው፤ ለቤተ ሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ሥራ አመራሩ «ስለ ወጣቶቻችን አንድ ነገር ተናገር» ብሎ ባዘዘኝ ጊዜ ትምህርቴ ከ6ኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳወጣና ሳስገባ የጨረስሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ዲግሪ ለያዙ ልጆች ምን እነግራቸዋለሁ ብዬ ተጨንቄ ነበር። በኋላ ግን የማውቀውን ልናገር ብዬ ተነሣሁ። ስለ ሥራ ቅጥር የቃል ፈተና፣ በተለይም ስለ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው የምናገረው።

ዕድር ስለ ቀብርና ስለ ኀዘን እንጂ ስለ ሥራ ፈተና ምን አገባው? የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ነገሩ እጅግ ያገባናል ባይ ነኝ። ድንኳን የሚተክልልን፣ ቃሬዛ የሚሸከምልን፣ መቃብር የሚቆፍርልን ማን ነው? ወጣቱ ነው። ይህ ወጣት ሥራ ሲያጣ መሰላን ለቆ ወደ ጭሮ፣ ከጭሮ ወደ ድሬዳዋ፣ ሲብስበትም በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል። ከሄዱት መካከል ስንቱ እንደ ወጣ እንደ ቀረ በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። በዚህ ዓይነት ከቀጠልን መዋጮውን እናጠራቅማለን፣ ድንኳኑንም እንገዛለን፣ የሚቀብረን ሰው ግን እናጣለን። ስለዚህ አንድ ልጅ ሥራ ሊያገኝ ደርሶ በአንዲት ጥያቄ ምክንያት ሲያመልጠው፣ ጉዳዩ የቤተ ሰቡ ብቻ አይደለም፤ የዕድሩም ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው ዓመት የአንዲት አባላችን ልጅ በወጣ የሥራ ማስታወቂያ ጭሮ ሄዳ ተመዘገበች። ስሟን ሳልጠራ እንድናገር ፈቅዳልኛለች። የትምህርት ማስረጃዋን ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዛ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ የጽሑፉን ፈተና ተፈትና አለፈች። ለቃል ፈተና ስትቀርብ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ጠበቋት። ከጠየቋት ጥያቄዎች አንዱ «ከተሰጠሽ የሥራ ድርሻ አልፈሽ የሠራሽው ሥራ ካለ በምሳሌ አስረጂን» የሚል ነበር። ልጅቱም አንገቷን ደፍታ «የለኝም፤ ገና ሥራ አልያዝኩም» ብላ መለሰች። ውጤቱ በተለጠፈ ጊዜ ስሟ ከአላፊዎቹ መካከል አልነበረም።

እናትየዋ ይህን ስታወራኝ ደነገጥሁ። ለምን ቢባል፣ የዕድራችንን የመዋጮ መዝገብ ያስተካከለችልን ይህችው ልጅ ነበረች። ታስታውሳላችሁ፣ መዋጮው በሦስት ደብተር ተበታትኖ ስንቱን ሲያጨቃጭቅ እንደ ነበረ። የተመደበችው በስብሰባ ቀን ስም እንድትጠራ ብቻ ነው። እሷ ግን እሑድ እሑድ እየመጣች፣ ያለ አንዳች ክፍያ፣ ሦስቱን ደብተር በአንድ መዝገብ ገልብጣ አስረከበችን። እንግዲህ ከዚህ በላይ «ከሥራ ድርሻ ማለፍ» ምንድን ነው? አላት እኮ! ያላትን ነው «የለኝም» ያለችው።

«ለምን አልነገርሽም?» ብዬ ብጠይቃት «ጋሼ፣ እሱ ሥራ ነው እንዴ? የዕድር ነገር አይደል? ደግሞ ስለ ራስ መናገር ያሳፍራል» አለችኝ። ይህ መልስ የልጅቱ ብቻ አይደለም፤ እኛ ያስተማርናት ነው። እኛ ልጆቻችንን «ዝም አይነቅዝም» እያልን አሳድገናቸዋል። ራሱን የሚያወድስ ልጅ ባለጌ ይባላል። ይህ ጨዋነት መልካም ነው፤ ከልጆቻችንም እንዲጠፋ አልመክርም። ነገር ግን እነዚያው አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለውም ተርተዋል። ሁለቱም ተረት ትክክል ነው፤ ቦታ ቦታቸውን ማወቅ ነው የሚያስፈልገው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠህ «እኔ እንዲህ አድርጌ» ብትል ነውር ነው። ፈታኝ ፊት ተቀምጠህ፣ ተጠይቀህ፣ የሠራኸውን እንዳለ ብትናገር ግን ምስክርነት እንጂ ጉራ አይደለም። ፍርድ ቤት የቀረበ ምስክር ያየውን አልናገርም ቢል ጨዋ አይባልም።

ታዲያ ጥያቄው ምን ማለት ነው? በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ የሥራ ዝርዝር የሚባለውን ወረቀት ታውቁታላችሁ። ተራ በተራ ቁጥር ተሰጥቶት ይዘረዘርና በመጨረሻ «ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተመሳሳይ ሥራዎች ይሠራል» የሚል መስመር አለበት። እኛ ጸሐፊዎች በዚህች መስመር ብዙ ስቀናል፤ ብዙም አልቅሰናል። ሻይ ከማስመጣት ጀምሮ ወንበር እስከ መሸከም ድረስ ያልገባባት ነገር የለምና። ግን ልብ በሉ፤ አለቃ አዝዞህ የሠራኸው ሥራ ምንም ያህል ቢከብድ ከድርሻህ አላለፍህም፤ ታዘዝህ እንጂ። ፈታኞቹ የሚፈልጉት ሌላ ነው። ማንም ሳያዝህ፣ የጎደለውን በዓይንህ አይተህ፣ «ይህ የእኔ አይደለም» ብለህ ሳታልፈው የሠራኸውን ነው። ባጭሩ ታዝዞ መሥራትና አይቶ መሥራት ይለያያሉ።

ይህን ልዩነት እኛ የዕድሜ ባለጸጎች ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ እናውቀዋለን። ዘመቻው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በመጀመሪያ በ5 ቋንቋዎች፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት በዩኔስኮ በኩል ለአገራችን ተሰጠ። ብዙው ሰው ያስተማረው ተመድቦ ነው፤ የቀረ ሰው ይጠየቅ ነበርና። ሆኖም ከትምህርቱ ሰዓት በኋላ ቀርቶ ለአሮጊቶች ደብዳቤ የሚያነብላቸው፣ ዓይኑ የደከመውን ሽማግሌ ከፊት የሚያስቀምጥ አስተማሪም ነበረ። ያንን ማንም አላዘዘውም። የተመደበው ማስተማር ብቻ ነበር፤ የቀረውን ከራሱ ጨመረ።

ከሌላው በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ብልህ ከሰው ይማራል ይባላልና ልጆቼ ከእኔ ተማሩ። ጥፋቴ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። በመዝገብ ቤት ስሠራ ስለ ጡረታና ስለ ውርስ ጉዳይ ብዙ ሰው ከየገጠሩ በእግሩ እየተጓዘ ይመጣ ነበር። ሲደርስ «የልደት ማስረጃ ጎደለህ»፣ «የጋብቻ ማስረጃ ጎደለሽ»፣ «ፎቶግራፍ ሁለት ያስፈልጋል» ይባልና ይመለሳል። በሳምንቱ ያንን ይዞ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ይጎድላል። አንዲት እናት ከደጃፋችን ተቀምጠው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሲያሹ አየሁ። የእኔ ሥራ ፋይል ማውጣትና ማስገባት ነው፤ ማስረጃ መመርመር የሌላ ክፍል ሥራ ነው። ነገር ግን ክፍል ኃላፊዬን አስፈቅጄ፣ ከመርማሪዎቹ ጠይቄ፣ ለየጉዳዩ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ሁሉ በአማርኛና በኦሮምኛ በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ በበሩ ላይ ሰቀልሁ። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ዘበኛው እንዲያነብለት ተነጋገርን። ከዚያ ወዲህ ባለጉዳዩ በአንድ ጊዜ አሟልቶ ይመጣ ጀመር።

በ1980ዎቹ ውስጥ ለእድገት ተወዳድሬ ስቀርብ «ከመደበኛ ሥራህ ውጭ ለመሥሪያ ቤቱ ያበረከትከው አስተዋፅኦ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «የተሰጠኝን ሥራ በአግባቡ እየሠራሁ ነው» ብዬ ዝም አልሁ። ካርቶኗ ያን ጊዜም በሩ ላይ ተሰቅላ ነበር። ፈታኞቹ በእርስዋ ሥር አልፈው ነው የገቡት። እድገቱን ሌላ ሰው ወሰደው። ብዙ ዘመን «አድልዎ ነው» እያልሁ ሳማ ኖርሁ። ዛሬ ሳስበው ግን ያልነገርኋቸውን ከየት ያምጡት? ምላሴን ያሰረው ማንም አልነበረም።

ሁለተኛው ጥፋቴ የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ባለጉዳይ ከሩቅ መጥቶ፣ ፋይሉን ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ እንደሚመልስ ለምኖኝ፣ አሳዘነኝና ያለ ፊርማ አውጥቼ ሰጠሁት። እንደ ትልቅ ደግነት ነበር የቆጠርሁት። ፋይሉ ሳይመለስ ሦስት ሳምንት ቆየ። በመካከሉ ተቃራኒው ወገን ቀርቦ ፋይሉ ሲፈለግ ጠፋ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከደመወዜም ተቀጣሁ፤ የሚገባኝ ነበር። በዚያን ቀን የተማርሁት ይህ ነው፦ ከሥራ ድርሻ ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ ከሥልጣን ማለፍ ሌላ ነገር ነው። ካርቶኑን ስጽፍ ከድርሻዬ አለፍሁ፤ ኃላፊዬ ያውቃል፣ የተጎዳ ሰው የለም፣ የተደበቀ ነገር የለም። ፋይሉን ስሰጥ ግን ከሥልጣኔ አለፍሁ፤ የእኔ ያልሆነውን አደራ አሳልፌ ሰጠሁ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ለፈተና ምሳሌ ስትመርጡ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መዝኑት። ኃላፊዬ ያውቅ ነበርን? ዋናው ሥራዬ አልተበደለምን? የጥቅሙ ተካፋይ ሌላው ሰው ነው ወይስ እኔ? ሦስተኛዋን አትናቋት። ባለጉዳይ ረድተህ ማታ አንድ ዙርባ ጫት ቤትህ ከመጣልህ፣ እሱ ከድርሻ በላይ ሥራ ሳይሆን ጉቦ ነው። እንዲህ ያለውን ፈታኝ ፊት በኩራት የሚያወራ ሰው ሰምቼ አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ ከታወቁ ሰዎች ሁለት ምሳሌ ላምጣ። ለፈተና እንድታወሩት አይደለም፤ ከድርሻ ማለፍ ምን እንደሚመስል እንድታዩት ነው።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ የገጠር ልጅ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ምጥ ጸንቶባቸው ፌስቱላ በሚባለው ጉዳት ታምመው አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ደረሱ። እዚያ ያከሟቸው ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው። እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1959 ለሦስት ዓመት በኮንትራት የመጡ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ የሚታከምላቸው ያጣ ሴት ብዛት አይተው ሳይመለሱ ቀሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ እዚሁ ነበሩ። ሐረር ያለውን ቅርንጫፋቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወይዘሮ ማሚቱም ከታከሙ በኋላ እዚያው ቀርተው አልጋ ያነጥፉ፣ በሽተኛ ያጽናኑ ጀመር። ቀጥሎ በቀዶ ሕክምናው ክፍል መሣሪያ ማቀበል ያዙ። ዓይናቸው ከሐኪሙ እጅ አይነቀልም ነበርና ሐኪሞቹ ይህንን አይተው ቀስ በቀስ አስተማሯቸው። በመጨረሻም የቀለም ትምህርት ሳይማሩ ራሳቸው የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ፣ ዲግሪ ያላቸውንም ሐኪሞች የሚያሠለጥኑ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረቦቻቸው ጋር ከለንደን የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳይ ተሸልመዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ወይዘሮ ማሚቱ ካራ አንሥተው በራሳቸው ሥልጣን አልቀደዱም። አስተማሪያቸው አጠገባቸው ቆሞ፣ ተፈቅዶላቸው፣ አንድ በአንድ ነው የወጡት። አልጋ ማንጠፍ ነበር ድርሻቸው፤ ያለፉት በትምህርትና በፈቃድ ነው።

ሁለተኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ገደማ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታና በሽታውን ስለሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዱ። ሥራቸው ቀንድ አውጣውን ማጥናት ነበር። እሳቸው ግን ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ፤ ከሚያጥቡበት በታች በኩልም የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው ተመለከቱ። ስለ ልብስ ማጠብ እንዲያጠኑ ማንም አላዘዛቸውም። «ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም» ብለው ሊያልፉ ይችሉ ነበር። ቆም ብለው ጠየቁ፤ መረመሩ፤ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለብዙ ዓመት ሠርተውበት እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። እንዶዱን እናቶቻችን ከጥንት ያውቁታል፤ ከሥራው ዘወር ብሎ ያየ ሰው ነው የጠፋው።

እንግዲህ መልሱ እንዴት ይሰናዳ? በውጭ አገር ቀጣሪዎች ዘንድ፣ አሁን አሁን በእኛም አገር በባንኮችና መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ዘንድ፣ «ሁኔታው፣ ተግባሩ፣ እርምጃው፣ ውጤቱ» የሚባል የአራት ደረጃ አመላለስ አለ። እኔ ጸሐፊ ስለሆንሁ በደብዳቤ አጻጻፍ አስረዳችኋለሁ። መልካም ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ መልካም መልስም ከሁለት ደቂቃ አይበልጥ። አምስት ክፍል ይኑረው፦ ጉዳዩ፣ ድርሻዬ፣ እርምጃዬ፣ ውጤቱና ግልባጩ። ጉዳዩ የጎደለው ነገር ምን እንደ ነበረ ነው። ድርሻዬ የእኔ ሥራ እስከ የት እንደ ነበረ ነው፤ ይህ ካልተነገረ ማለፍህ አይታወቅም። እርምጃዬ ማንን አስፈቅጄ ምን እንዳደረግሁ ነው። ውጤቱ ምን እንደ ተሻለ ነው። ግልባጩ ደግሞ ይህን ማን ያውቅልኛል የሚለው ነው።

የዚያችን ልጅ ሥራ በዚህ መልክ ብናስቀምጠው እንዲህ ይሆናል፦

«በሰፈራችን ዕድር የመዋጮው ሂሳብ በሦስት ደብተር ተበታትኖ ስለ ነበር፣ የከፈሉ አባላት አልከፈላችሁም እየተባሉ ይጣሉ ነበር። እኔ የተመደብኩት በስብሰባ ቀን ስም ለመጥራት ብቻ ነው። ሊቀ መንበሩንና ሂሳብ ሹሙን አስፈቅጄ፣ እሑድ እሑድ ሦስቱን ደብተር በአንድ መዝገብ ገለበጥኩ፤ ከደረሰኙ ቀሪ ጋርም አመሳከርኩ። ልዩነት ያገኘሁበትን ግን ራሴ አላረምኩትም፤ ለብቻ ዘርዝሬ ለሂሳብ ሹሙ አስረከብኩ። በዓመቱ መጨረሻ ሂሳቡ ሲመረመር ከአንድ መዝገብ ተመረመረ፤ ጭቅጭቁም ቀረ። ይህንን የዕድሩ ሥራ አመራር በደብዳቤ ያረጋግጣል።»

ይኸው ነው። ጉራ የለበትም፤ ውሸት የለበትም። «ራሴ አላረምኩትም» የምትለዋን ቃል አስተውሏት። ወሰኗን የምታውቅ ሠራተኛ መሆኗን ፈታኙ ከዚህች ቃል ያገኛል። መልሱ በክልሉ መሥሪያ ቤት በኦሮምኛ፣ በፌዴራሉ በአማርኛ፣ በአንዳንዱ ድርጅት በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው።

ማስጠንቀቅ የምፈልጋቸው ጥቂት ነገሮችም አሉ።

አንደኛ፣ አትዋሹ። ያልሠራችሁትን ከሌላ ሰው ሰምታችሁ ብታወሩ፣ ፈታኙ «ስንት ቀን ፈጀ? ማን ነበረ አብሮህ? ምን ተቸገርህ?» ብሎ ሲቀጥል ነገሩ ይበጠሳል። የሠራ ሰው ግን ዝርዝሩ አያልቅበትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ቁጥር ካላችሁ ተናገሩ፤ ካልቆጠራችሁ አትፍጠሩ። እኔ ካርቶኑን ስሰቅል ስንት ሰው ከመመላለስ እንደ ዳነ አልቆጠርሁም፤ ዛሬ ይቆጨኛል። እናንተ ግን ከአሁን ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ በደብተርም ያዙ።

ሁለተኛ፣ ሌላውን አታዋርዱ። «ሌሎቹ ሰነፎች ስለ ነበሩ እኔ ሠራሁት» የሚል መልስ ይጥላል። ፈታኙ «ነገ እኔንም እንዲህ ይለኛል» ብሎ ያስባል።

ሦስተኛ፣ «እኛ» እና «እኔ» የሚሉትን ለዩ። ልጆቻችን ጨዋ ስለሆኑ ሁሉን «ሠራን፣ አደረግን» ይላሉ። ፈታኙ የሚቀጥረው ግን አንድ ሰው ነው። አብረው የሠሩትን አመስግናችሁ የራሳችሁን ለይታችሁ ተናገሩ።

አራተኛ፣ ይህ ጥያቄ ወጥመድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። «ያለ ክፍያ አምሽተህ ትሠራለህ ወይ?» ለማለት የሚጠይቅ ቀጣሪ አለና። ከድርሻ በላይ መሥራት ማለት ጉልበትን በነጻ መስጠት ማለት አይደለም። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው የሚተዳደርበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያውም ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ታዲያ ፈታኝ ፊት ሕግ እየጠቀሳችሁ ተከራከሩ ማለቴ አይደለም። «ሥራው አስቸኳይ ሲሆን አመሻለሁ፤ በሕጉና በድርጅቱ ደንብ መሠረት» ብሎ በትሕትና መመለስ ይበቃል። ማወቁ ግን ለወደፊቱ ይጠቅማችኋል።

አምስተኛ፣ ሥራ ይዤ ስለማላውቅ የምናገረው የለኝም አትበሉ። ለቅሶ ቤት ውኃ ስትቀዱ፣ ድንኳን ስትተክሉ፣ የታመመ ጎረቤት ጭሮ ሆስፒታል ስታደርሱ፣ ደካማ ተማሪ ስታስጠኑ ኖራችኋል። በእነዚህ ውስጥ አይታችሁ የጨመራችሁት አንድ ነገር አይጠፋም። ትንሽ ቢሆን ግድ የለም፤ እውነት ይሁን።

አሁን ነገሬን ወደ እኛ ወደ ታላላቆቹ ልመልስ። ልጆቹን ብቻ መክሮ ማሰናበት ፍርድ አይደለም። ልጅቱ ግልባጭ እንዲኖራት ከተፈለገ ግልባጩን የምንሰጥ እኛ ነን። መዝገቡን ስታስረክበን «ተባረኪ» ብለን ሸኘናት፤ በቃለ ጉባዔያችን ላይ ግን አንድ መስመር እንኳን አልጻፍንላትም። እኔ ራሴ የዚያን ቀን ብዕር ይዤ ተቀምጬ ነበር። ዕድሜውን ሁሉ የሰው ጉዳይ ሲመዘግብ የኖረ ሰው የዚህችን ልጅ ሥራ ሳይመዘግብ ቀረ። ስለዚህ ለጉባዔው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም ወጣት ለዕድሩ ወይም ለሰፈሩ ከድርሻው በላይ ሲሠራ ቀኑና ሥራው በቃለ ጉባዔ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ሥራ ለሚወዳደሩ ልጆች ዕድሩ ማኅተም ያለበት የምስክር ደብዳቤ በነጻ ይስጥ። ደብዳቤው ግን ከቃለ ጉባዔው የተገኘውን ብቻ ይናገር፤ የዘመድ ልጅ ነው ተብሎ ያልሠራው አይጻፍለት። አንዴ የውሸት ደብዳቤ ከወጣ የእውነተኛውም ዋጋ ይረክሳል።

የልጅቱን ነገር ልጨርስ። ዘንድሮ እንደገና ተወዳደረች። ከመሄዷ በፊት ሁለት ማታ እቤቴ መጥታ፣ እኔ ፈታኝ እሷ ተፈታኝ ሆነን ተለማመድን፤ ባለቤቴ ሁለታችንንም እየሳቀችብን ቡና ታፈላልን ነበር። ያችው ጥያቄ መጣች። «ጋሼ፣ ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ሁሉንም ተናገርኩ» አለችኝ። ውጤቱ ሲለጠፍ አንደኛ ተጠባባቂ ሆና ወጣች። አልተቀጠረችም፤ ተጠባባቂ ናት። ደስ የሚል መጨረሻ ልነግራችሁ ብችል በወደድሁ፤ ነገር ግን ስለ እውነት ስናገር ቆይቼ በመጨረሻ ልዋሽ አልችልም። ባለፈው ዓመት ስሟ ከወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ዘንድሮ አለ። ሌላ ማስታወቂያም ሲወጣ ትሄዳለች።

አሁንም እሑድ እሑድ መዝገቡን ትይዝልናለች። ዛሬ ስም የጠራችላችሁ እሷ ናት። የዛሬው ቃለ ጉባዔ ሲጻፍ ይህም እንዲገባ አደራ እላለሁ።

ልጆቻችንን በአገራቸው የሚያኖር ሥራ ይስጥልን፤ ማኅበራችንን ያጽናልን።